ገፍትሮኛል አላልኩም

መርካቶ ዱባይ ተራ የልጆች ልብስ መሸጥ ከጀመርኩ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ማንበብ እችላለሁ፤ ግን ቀስ ብዬ ነው። ሰው አጠገቤ ቆሞ ሲጠብቀኝ ደግሞ ፊደሉ ሁሉ ይደባለቅብኛል። ይህን ለማንም አልናገርም ነበር።

ስልኬ የተነጠቀው እኩለ ቀን ላይ ነው። ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት ልጄ ከትምህርት ቤት በሰላም መግባቷን ደውዬ እጠይቃለሁ። ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። "እማዬ፣ መንገዱ እኮ የትናንቱ መንገድ ነው" እያለችኝ ሳለ ስልኩ ከጆሮዬ ላይ ብድግ አለ። ሰውየው ገላዬን እንኳ ሳይነካ ነጥቆ ሮጠ። "ሌባ! ሌባ!" እያልኩ ተከተልኩት። አምስት እርምጃ ሳልሄድ ፊት ለፊቴ ጫማ የሚሸጡት ጋሼ ሸራቸውን የወጠሩበት ገመድ ጠለፈኝና ወደቅሁ። የቀኝ እጄ አንጓ ተሰበረ። ሰውየውን ግን ተሸካሚዎች ያዙት።

ፖሊስ ጣቢያ ጋሼም አብረውኝ ሄዱ። እኛ ተራ አንዱ ከተነካ ሌላው ዝም አይልም። ጣቢያ ከመግባታችን በፊትም ቃል እናስማማለን፤ የተለያየ ነገር ከተናገርን ሌባው ያመልጣል ብለን ነው። ያን ቀን ያስማሙት ጋሼ ናቸው። "ገፍትሮ ጣላትና ቀማት። በቃ፣ ሌላ ወሬ የለም" አሉ። እጄ እንደ እሳት ይለበልበኝ ነበር፤ እሳቸው ሲናገሩ እኔ ራሴን ነቀነቅሁ። መርማሪው ጽፎ በጥድፊያ አነበበልኝ። ግማሹ አልገባኝም። ድገምልኝ ማለት አፈርኩና በግራ እጄ ፈረምኩ።

ከወራት በኋላ ዐቃቤ ሕጓ አስጠራችኝ። ልጅ እግር ናት።

"እናቴ፣ የገፈተረዎት ከኋላ ነው ከፊት?"

ደነገጥኩ። "ክሱ ምን ይላል?"

"ውንብድና።"

"ውንብድና ጫካ ያለ ሽፍታ የሚሠራው አይደለም እንዴ?"

ሳቀች፤ ግን አስረዳችኝ። ሰው ላይ ኃይል ሳይጠቀም፣ ሳያስፈራራም የሰው ንብረት የወሰደ ስርቆት ነው የሠራው። ለመውሰድ ወይም የወሰደውን እንዳያስጥሉት ብሎ ሰው የመታ፣ የገፈተረ ወይም ያስፈራራ ግን ውንብድና ነው። ሰው ከቆሰለ ደግሞ ይከብዳል።

"ቅጣቱ ይለያያል?"

"በብዙ ዓመት" አለችና ጀሶ የነበረበትን እጄን አየችው።

የሰው ዕድሜ በአንድ ቃሌ ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል። "እኔ የወደቅሁት ገመድ ጠልፎኝ ነው" አልኳት። ፈገግታዋ ጠፋ። ፖሊስ በጻፈው ቃሌ ላይ ያለው ፊርማ የማን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ የኔ ነው አልኩ። "ፍርድ ቤት እውነቱን ብቻ ነው የሚናገሩት። ግን ቃልዎ ለምን እንደተለወጠ ይጠየቃሉ" አለችኝ። ወረቀቱን እንድትሰጠኝ ለመንኳት። ጣቴን ከመስመሩ ሥር እያስሄድኩ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ዐቃቤ ሕጓ ሰዓቷን ሁለት ጊዜ አየች፤ እኔ ግን አላቋረጥኩም።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ተራ ደረሰ።

"የሌባ ጠበቃ!" አሉ ጋሼ። "ቢሮሽን የት ከፈትሽ?"

"እርስዎ ሱቅ አጠገብ። ገመዱ የእርስዎ ነውና መጀመሪያ የምከሰው እርስዎን ነው።"

ተራው በሳቅ ፈነዳ። እሳቸው ግን አልሳቁም። "ስልክሽን የወሰድኩት እኔ ነኝ?"

"እሱ ነው። ለወሰደው ይታሰር። ላልገፈተረኝ ግን አይታሰር።"

"አንቺ ስትለዋወጪ እኛ ውሸታም ልንባል ነው" ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሰላምታዬን አልመለሱም።

የምስክርነቱ ቀን ጠዋት በሐሰት ቃል እኔው ብታሰር ልጄን ማን ይጠብቃታል እያልኩ ሄድኩ። ዳኛዋ ያየሁትን ጠየቁኝ። እንደሆነው ተናገርኩ። ከዚያ የፖሊሱን ወረቀት አነሱ።

"እዚህ ገፈተረኝ ብለዋል። ለምን ተለወጠ?"

"ክብርት ዳኛ፣ ማንበብ የምችለው ቀስ ብዬ ነው። አፍሬ ሳላነብ ፈረምኩ። በኋላ አንብቤዋለሁ፤ ገፈተረኝ የሚለው ትክክል አይደለም።"

ችሎቱ ሞልቶ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የደበቅሁትን ያን ሁሉ ሰው ፊት ተናገርኩት።

ቀጥሎ የገቡት ጋሼ ናቸው። ሲወጡ ኮፍያቸውን እያሻሹ መጡ።

"ምን አሉ?" አልኳቸው።

"ስትወድቅ አይቻለሁ፣ ሲገፈትራት ግን አላየሁም አልኩ። ምን ላድርግ፣ አስማሉኝ እኮ!"

ለፍርዱ ባይጠሩኝም ሄድኩ። ዳኛዋ ኃይል መጠቀሙ አልተረጋገጠም ብለው አንቀጹን ወደ ስርቆት ቀየሩት። ሰውየው ተፈረደበት፤ ግን በሠራው ነው። ወደ እኔ አልዞረም፤ እኔም አልጠበቅሁም።

በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በኩል በእግሬ ቤቴ ገባሁ። ልጄ ደብተሯን ዘርግታ ነበር። "እና ስርቆትና ውንብድና ልዩነታቸው ምንድን ነው?" አለችኝ። ጫማዬን ሳላወልቅ አጠገቧ ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳኋት። መሐል ላይ፣ "ቆይ እማዬ፣ እሱን ድገሚልኝ" አለች። ደገምኩላት።