ጋቢህን አውልቅ

አማቴ፣ የሚስቴ አባት፣ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። ቤት ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፤ የሚናገርም የለም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ባለቤታቸው በርጩማውን ከመንገዳቸው ቀስ ብለው ያነሣሉ፣ እሳቸው ያልፋሉ፣ ሁላችንም ወሬያችንን እንቀጥላለን።

የሑዳዴ ቅበላ ሰሞን ጠመንጃቸውን አንግተው መጡና፣ "ተነሥ፣ ጉና እንውጣ። ለቅበላ ሰሳ እንበላለን" አሉኝ። እኔ ደብረ ታቦር ባጃጅ ነጂ ነኝ፤ ገደል ለገደል ከምትዘል ሰሳ ጋር ምን አገናኘኝ? ግን አማች ምን ይላል? "አይታይዎትም" ልበል? ሚስቴ ደጅ ድረስ ተከትላኝ፣ "ብቻቸውን እንዳትተዋቸው፣ አደራ" አለች። አደራ ከተባለ አለቀ።

አፋፉ ላይ ስንደርስ ቆሙ።

"ጋቢህን አውልቅ" አሉ በሹክሹክታ። "ነጭ ነገር ያስበረግጋታል።"

ጋቢዬን ተቀብለው አጣጥፈው ተቀመጡበት። እኔ በአመድማ ጃኬቴ ቀረሁ። ሥራዬ ከአፋፉ ጥቂት ዝቅ ብላ ባለችው ጠባብ መንገድ ገብቼ ሰሳዋን ወደ ላይ ማባረር ነው፤ እሳቸው ከላይ ይተኩሳሉ። ከዚያ በኋላ ማንም ትንፍሽ አይልም፤ የአደን ወጋቸው ነው።

ሰሳዋን አየኋት። ድንጋይ ጫፍ ላይ ቆማ አየችኝና እኔ በማልደርስበት በኩል ዘልላ ሄደች። ጎበዝ! ልመለስ ዞር ስል አፈሩ ተናደና የመጣሁበት መንገድ ከኋላዬ ገደል ገባ። ከፊቴ ዐለት፣ ከሥሬ ባዶ። የቆምኩባት ቦታ ከባጃጅ ወንበር አትሰፋም። ኧረ የድንግል ያለህ! ልጮህ አሰብኩና አፈርኩ፤ አማች ገደል ላይ አለቀሰ ይባላላ!

ናዳው ሲንኮታኮት አማቴ ሰምተዋል። ቀና ስል አፈሙዙ ከአፋፉ ብቅ አለ። ድንጋዮቹን ዞር ዞር ብሎ ፈለገና እኔ ላይ ቆመ። ቃታው ቀጭ ሲል ሰማሁት። ፈሪ ለእናቱ ይላሉ፤ እኔ የምሸሽበት እንኳ የለኝም። የሚገርመው በዚያ ሰዓት የጨነቀኝ እሳቸውን ሳላሳፍር እንዴት እንደምናገር ነበር።

"አባባ፣ እኔ ነኝ! አይታይዎትም እንዴ!"

የኋለኛው ቃል አመለጠኝ።

አፈሙዙ ትንሽ ቆየና ወደ ሰማይ ተነሣ።

"ሰሳዋን ነበር" አሉ። "ከኋላህ ያለችውን።"

ከኋላዬ ምንም አልነበረም።

"አዎ አባባ፣ አሁን ሄደች" አልኩ።

ጋቢዬን ጠምዝዘው አንዱን ጫፍ ዛፍ ላይ አሰሩና ሌላውን ጣሉልኝ። በሆዴ እየተሳብኩ ወጣሁ። ልነሣ ስል ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ግንባሬን፣ አፍንጫዬን፣ አገጬን ዳሰሱ።

"ልጄን ባል ላሳጣት ነበር" አሉ።

አንጀቴን በሉኝ።

"ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ አይደል? በርጩማዋ ስትነሣ አይሰማኝም ብላችሁ ነው? እናንተ እንዳታፍሩ ብዬ ነው ዝም የምለው።"

ቁልቁለቱን ትከሻዬን ይዘው ወረዱ። ቤቱ አጠገብ ስንደርስ እጃቸውን አነሡ፣ ጠመንጃቸውን አስተካከሉ፣ ቀጥ ብለው ገቡ። ባለቤታቸው በርጩማውን ቀስ ብለው አነሡ። አማቴ አለፉ።

"አመለጠችን" አሉ ለቤተሰቡ። "ከፋሲካ በኋላ ከአማቼ ጋር እንደገና እንወጣለን።"

ሚስቴ አየችኝ፤ እናቷም አዩኝ። ወዴት ልግባ?

"እንወጣለን አባባ" አልኩ።

አጠገቤ ሲቀመጡ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ጋቢህን ግን አታወልቅም" አሉኝ።