ከገበሩ ስር ያለው ስም

ልብስ ሰፊዋ አንድ ጊዜ የሁለት ደንበኞችን ኮት አቀያይራ ሰጥታ፣ አንዱ ሙሽራ እጅጌው ክንዱ ላይ ቀርቶበት በሠርጉ ቀን ጉድ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ የባለቤቱን ስምና የሱቋን ስልክ በአረንጓዴ ክር ነጭ ጨርቅ ላይ ጠልፋ ከገበሩ ስር ሳትሰፋ ኮት ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። ታላቅ ወንድሟ ታዲያ፣ "እኔም ላይ እንደ ከብት ምልክት አደረግሽብኝ?" እያለ ሲስቅባት ኖሯል።

ይኸው ወንድሟ ጡረታ በወጣ ማግስት "አገር ልይ" ብሎ ባሕር ተሻግሮ ሄደ። በሳምንቱ ስልኩ ዝም አለ። እሷም ወሬ እስኪመጣ አልጠበቀችም፤ እዚያ አገር ላለው ኤምባሲያቸው ደውላ ፎቶውን ላከች። የኤምባሲው ሠራተኛ ሆስፒታሎቹን ጠያይቆ መልሶ ደወለላት፤ ባቡር ጣቢያ ወድቆ የሞተ፣ ቦርሳውም ፓስፖርቱም የጠፋ አንድ ሽማግሌ ሬሳ ክፍል አለ።

"ከላኩት ፎቶ ጋር ይመሳሰላል፤ ግን ለሆስፒታሉ ሰዎች አይበቃም" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እስከ ዓርብ ማስረጃ ካልመጣ ባለቤት የሌለው ብለው ይቀብሩታል።"

"ባለቤት የሌለው? እኔ ቁጭ ብዬ?" እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። "ኮት ለብሷል?"

"ጥቁር ሰማያዊ ይላል።"

"በግራ ኪሱ በኩል ገበሩን ይተርትሩት። ስሙ በአረንጓዴ ክር ተጽፎ ያገኙታል። በሉ ቶሎ ይንገሩልኝ!"

ያን ቀን መርፌው ጣቷን ሁለት ጊዜ ወጋት። በማግስቱ ስልኩ ጮኸ።

"አረንጓዴ ነው፣ እመቤት" አላት ሠራተኛው።

ከዚያ በኋላ የሞት ምስክር ወረቀቱን፣ የሬሳ ሳጥኑን ማሸጊያ ደብዳቤና የአየር መንገዱን ፈቃድ እግር በእግር ተከታትላ አስጨረሰች። ሳጥኑ ሲመጣ ኮቱም ለብቻው በከረጢት ተጣጥፎ፣ ገበሩ እንደተተረተረ መጣ። ዘመድ አዝማዱ ግቢውን ሞልቶ እያለቀሰ እሷ መርፌና አረንጓዴ ክር አወጣች።

"ልጄ፣ አሁን ይሄ ምን ያደርጋል?" አሏት አክስቷ።

"ወንድሜ የተተረተረ ልብስ ይዞ አይሄድም።"

ሰፍታ ስትጨርስ ኮቱን ሳጥኑ ላይ አለበሰችና ቀና ብላ ቆመች። ከለቀስተኞቹ አንዱ ጠጋ ብሎ፣ "ለመሆኑ ከዚያ ሁሉ አገር ማን አገኘው?" ሲል ጠየቃት።

"እኔ ነኛ!" አለች፣ እንባዋ እየወረደ። "ምልክት አድርጌበት አልነበር?"