በእጅ የሚጠራው ስሜ

እስከ አራተኛ ክፍል የተማርኩት መስማት ለተሳናቸው ልጆች በተለየችው ክፍል ነው። ጭሮ ባለው ትምህርት ቤታችን ጥግ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ነበረች። መምህራችን ሊጠሩን ሲፈልጉ የጣውላውን ወለል በእግራቸው ይመቱታል፤ ንዝረቱ ከሥራችን ሲመጣ ሁላችንም ዞር እንላለን። እዚያ እያንዳንዳችን በእጅ የሚጠራ ስም ነበረን። እኔ ዓይን አፋር ነኝ፣ ስስቅ አፌን እሸፍናለሁ። ስለዚህ መዳፍን አፍ ላይ ማድረግ ስሜ ሆኖ ቀረ።

አምስተኛ ክፍል ከሚሰሙት ልጆች ጋር ተቀላቀልኩ። አዲሱ መምህር ስም ሲጠሩ አቀርቅረው ስለነበር ከንፈራቸውን ማየት አልቻልኩም። እዚያው ተቀምጬ ቀሪ ተባልኩ። ወደ ድሮዋ ክፍል መልሱኝ ብዬ እናቴን ለመንኳት።

በዚያው ሰሞን አብራኝ የምትቀመጠው የጫት ነጋዴ ልጅ ደብተሯ ላይ "በእጅ ሲጠሩሽ ስምሽ ማን ነው?" ብላ ጻፈችልኝ። አሳየኋት። ደጋግማ ሞከረችውና "ታዲያ ባዛጋሁ ቁጥር አንቺን ስጠራ ኖሬያለሁ በይኛ!" ብላ ጻፈች። ሳቄ መጣ፤ አፌን ሸፈንኩ። ከዚያ ወዲህ መምህሩ ስሜን ሲጠሩ እሷ መዳፏን አፏ ላይ ታደርጋለች፣ እኔም እጄን አወጣለሁ። እናቴን መለመኔን ተውኩ።

የጣውላው ንዝረት ግን አሁንም ይናፍቀኛል። ሁሉም ሰው በእጁ የሚያወራበት ክፍል ዳግመኛ አላገኘሁም።

ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልገፋሁም፤ ከዚያች ልጅም ጋር ያኔ እንደተለያየን ዓመታት አለፉ። ባለፈው ገበያ ስወርድ፣ ባጃጆቹ ከሚቆሙበት ማዶ ሕፃን ያዘለች ሴት መዳፏን አፏ ላይ አድርጋ አየኋት። የምታዛጋ መስሎኝ ላልፍ ስል፣ እጇን ሳታወርድ ትከሻዋ በሳቅ ተንቀጠቀጠ።