ዱጋልድ መንገድ ሲለቅ

ቅዳሜ በእኛ በደጋማው ስኮትላንድ የጓዝ ቀን ነው። የእረፍት ቤት የተከራየ ሁሉ ረፋድ ላይ ቁልፉን ያስረክባል፤ የሚቀጥለው ቤት ግን አመሻሽ ካልሆነ አይከፈትም። በመካከሉ ሰው የተረፈ ቅቤውንና ያልደረቀ ካልሲውን መኪና ውስጥ ጠቅጥቆ አገር ሲያይ ይውላል።

ዱጋልድና ሚስቱ ዊልማም እንደዚያው ወጡ። ዱጋልድ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሮጦ የሚመጣ ተሳፋሪ ጥሎ ሄዶ አያውቅም ይሉታል። ዊልማ ከዚያ ቀን የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ እናቷ የተወለደችባትን ትንሽ ደሴት መርገጥ። ወደዚያ የሚኬደው በእግር ነው፤ ባሕሩ ሲሸሽ በአሸዋው ላይ። ያን ቀን ውኃው የሚመለሰው እኩለ ቀን ላይ ነበር። ጉልበቷ ከዓመት ዓመት እየባሰባት ስለሆነ የሚመጣውን በጋ አላመነችውም።

እዚህ ላይ መንገዱን ላስረዳ፤ እኔ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ስፋቱ ለአንድ መኪና ብቻ ነው። አለፍ አለፍ እያለ ግን ጎኑ ሰፋ ይላል። ሁለት መኪኖች ፊት ለፊት ሲገናኙ ለሰፊው ቦታ የቀረበው ጥግ ይይዛል፣ ሌላው ያልፋል፣ ሁለቱም እጃቸውን ያነሳሉ። ፖሊስ የለ፣ መብራት የለ፣ ግን ይሠራል። አንድ ቀዳዳ ብቻ አለው፦ ማን እንደቀረበ የሚወስኑት ሹፌሮቹ ናቸው። ዱጋልድ ደግሞ ሁልጊዜ የቀረብኩት እኔ ነኝ ይላል።

ቅዳሜ በመሆኑ ጓዙን የጫነ ሁሉ መንገድ ላይ ነበር። ዱጋልድ አንዱን ሊያሳልፍ ጥግ ሲይዝ ከኋላው የተሰለፉትም ተከትለው ያልፋሉ፤ እሱም ለእያንዳንዳቸው እጁን ያነሳል። ዊልማ መጀመሪያ ሰዓቷን አየች፣ በኋላ ግን መታገስ አልቻለችም።

«ይሄኛውን እኮ አንተ ነበርክ ማለፍ ያለብህ።»

«ልጆች ጭነዋል።»

«ውሻ ነው የጫኑት።»

«ውሻም ይቸኩላል፣ ዊልሜ።»

አልሳቀችም።

ሲደርሱ አሸዋው መሐል ላይ ውኃ ገብቶበታል። ዊልማ ጫማዋን አውልቃ ገባች፤ ውኃው ጉልበቷ ጋ ሲደርስ ዱጋልድ ከኋላ የካፖርቷን እጅጌ ያዘ። ማዶ አንድ ጣሪያ የሌለው ቤት በደንብ ይታያል። የእናቷ ቤት ይሁን አይሁን ለማወቅ ግን ቀርቦ ማየት ነበረባት።

ነገ እንመለሳለን ሊላት ሞከረ። ነገ ከተራራው ወዲያ ነን አለችው፤ እውነቷን ነው፣ ማታ የሚረከቡት ቤት በሌላኛው የባሕር ዳርቻ ነበር።

«ዕድሜህን ሙሉ ለማታውቀው ሰው በር ከፍተሃል» አለችው እግሯን እያደረቀች። «ዛሬ አንድ ቀን ለእኔ ብትቸኩልልኝ ምን ነበረበት?»

ዱጋልድ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። ቁልፉን ተቀብላው ራሷ መንዳት ጀመረች።

ብዙም ሳይሄዱ ከፊት አንዲት አሮጌ መኪና መጣች። ሰፊው ቦታ ያለው በመጪዋ መኪና አጠገብ ነው፤ ማንም ያየዋል። ዊልማ ጥርሷን ነክሳ ገፋች። የዚያችኛዋ ሹፌር አንዲት ሽማግሌ ሴት ነበሩ፤ አንገታቸውን አስግገው ግራ ተጋብተው ቆሙ። ዊልማ በረጅሙ ተነፈሰች፣ ማርሹን ወደ ኋላ አስገባች፣ እስከ ኋለኛው ሰፊ ቦታ ድረስ ተመለሰች። ሴትዮዋ ሲያልፉ እጇ በራሱ ተነሳ።

«አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ» አለች ዞር ሳትል።

ዱጋልድ የቀለጠውን ቅቤያቸውን ጠበቅ አድርጎ ታቀፈ።