የአባቴን ልብ ያነበብኩበት ሳምንት

በኮሮናው ዘመን ደሴ፣ በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራ ነበር። አባቴ ሰቆጣ ነበሩ፤ የዜማ መምህር። እናቴ ካረፈች ወዲህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይደውሉልኛል። አንድ እሑድ ስልኩ ሳይጮኽ ዋለ። በማግስቱ ጎረቤታችን ደወለችና፣ «አባትሽ ትንፋሽ አጥሯቸዋል። ወደ ደሴ ተልከዋል፤ መንገድ ላይ ናቸው» አለችኝ።

ሲደርሱ በሩቁ ነው ያየኋቸው። ጥምጥማቸው ተፈቶ ደረታቸው ላይ ወድቋል፤ ፊታቸውን የኦክስጅን ጭምብል ሸፍኖታል። ጉልበታቸውን ስሜ መቀበል ሲገባኝ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ወደ ኮሮና ክፍሉ ሲያስገቧቸው እጃቸውን ትንሽ ብድግ አደረጉልኝ።

ከሰዓት በኋላ ደማቸው እኔ ጋ መጣ። ሐኪሙ ትሮፖኒን እንዲሠራ አዝዟል። ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጣ ነገር ነው፤ ኮሮና በጸናበት ሰው ደም ውስጥ ከፍ ብሎ ሲገኝ፣ ሳንባ ብቻ ሳይሆን ልብም እንደተነካ ይናገራል። ያን ሰሞን እንዲህ ያለ ውጤት ደጋግሜ ጽፌያለሁ፤ ከነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ በእግራቸው አልወጡም። የሥራ ባልደረባዬ፣ «ተይ፣ እኔ ልሥራው» አለችኝ። እምቢ አልኳት። ማሽኑ ቁጥሩን ሲያወጣ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አላመንኩም፤ እንደገና ሠራሁት። ያው ነው።

ውጤቱን ይዤ ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። «አባቴ ናቸው» አልኩት።

ወረቀቱን ተቀብሎ አየው። ከዚያ፣ «አልዋሽሽም፣ ከባድ ነው። ግን ቁጥር ፍርድ አይደለም። ነገ ደግመን እናየዋለን» አለኝ።

በማግስቱ መከላከያ ልብስ አልብሰውኝ ለትንሽ ጊዜ ገባሁ። ትኩሳቱ አባቴን ወደ ልጅነታቸው ወስዷቸዋል፤ በዋግ ገጠር፣ ሰሃላ ባደጉበት የአገው ቋንቋ፣ በኸምጣንጋ ነው የሚናገሩት። «ምን ፈልገው ነው?» አለችኝ ነርሷ። አላወቅሁም። እኔን ያሳደጉኝ በአማርኛ ነው፤ ከእናታቸው ቋንቋ የማውቀው ሰላምታና ጥቂት የምግብ ስም ብቻ ነው። አባቴ አንድን ሰው ሲለማመጡ እያየሁ፣ ማንን እንደሆነ እንኳ መለየት አቃተኝ። እስከ ዛሬ ከሁሉ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ሁለተኛው ውጤት ከፊተኛው ባሰ። ሦስተኛው ባለበት ቆመ። በአራተኛው ቀን ወረደ፤ ማሽኑ አጠገብ ተቀምጬ አለቀስኩ። ልነግራቸው ስገባ ነቅተዋል፤ አማርኛቸውም ተመልሷል።

«ልብዎ ተጎድቶ ነበር አባባ። አሁን ግን እየተሻለዎት ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

«በደምዎ።»

ከጭምብሉ ሥር ፈገግ አሉ። «ልቤማ እናትሽ ከሞተች ጀምሮ ተጎድቷል። ያን ጊዜ መሣሪያሽ የት ነበር?»

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ ሰቆጣ ተመለሱ። እኔ ጋ እንዲቀመጡ ብለምናቸው «ተማሪዎቼ ይበተናሉ» አሉ። ልባቸው ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ማኅሌት መቆም ስላቃታቸው ተቀምጠው ያስተምሩ ጀመር። ሲደውሉልኝ ቃላቸውን አቋርጠው ትንፋሽ ሲሰበስቡ እሰማለሁ።

«ለፋሲካ እመጣለሁ» አልኳቸው። «ኸምጣንጋ ያስተምሩኛል።»

«በዚህ ዕድሜሽ?» ብለው ሳቁ። «እሺ፣ ነይ።»

ለፋሲካ ተረኛ ሆኜ ቀረሁ። ክረምት ሲገባ እሄዳለሁ ስል ጦርነቱ ደረሰ። የሰቆጣ መንገድ ተዘጋ፤ ስልኩም ተቋረጠ። ደሴም የራሷን መከራ አየች። በነዚያ ወራት የአባቴን ቁጥር ስንት ጊዜ እንደደወልኩ አላውቅም፤ ያው የተቀዳ የሴት ድምፅ ነው የሚመልስልኝ።

መንገዱ እንደተከፈተ ሄድኩ። ጎረቤታችን ከሩቅ ስታየኝ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ያኔ ገባኝ።

«መቼ?» አልኳት።

«በመስከረም። ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ድካም ድካም አለኝ ብለው ገብተው ጋደም አሉ፤ በዚያው ቀሩ። ልንነግርሽ መላ አጣን።»

ቁልፉን ሰጠችኝ። ጋቢያቸው ከአልጋው ራስጌ ተንጠልጥሏል፤ አሁንም እሳቸውን እሳቸውን ይሸታል። እሱን ደርቤ አንድ ሳምንት ያህል ቤታቸው ተቀመጥኩ። ሳልጠግባቸው ተመለስኩ።