ከመክተፊያ የተቆረጡ ሦስት ቀለበቶች

ዓርብ፣ ሐምሌ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። በካርቱም ካላክላ ሰፈር የምንኖርበት ግቢ በር ከውስጥ ተቀርቅሮ፣ ታናሽ ወንድሜ የአሮጌውን ፒክአፕ ኮፈን ከፍቶ በእንጨት ደግፎት ነበር። የመኪናው የፊት ጎማዎች ተፈትተው ግንባሩ በድንጋይ ላይ ቆሟል። ጎማዎቹ ጤነኞች ነበሩ። ታጣቂዎች በየሰፈሩ እየዞሩ የሚሄድ ፒክአፕ ሁሉ ይወስዱ ስለነበር፣ የእኛ የሞተ እንዲመስል ፈትተን ከአልጋዬ ሥር ደበቅናቸው። ሁለት ሳምንት ከላስቲክ ሽታ በላይ ተኝቻለሁ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከሁለት ጎረቤት መኪኖች ጋር ለመውጣት ተስማምተን ነበር፤ በደቡብ በኩል ወደ መደኒ፣ ከዚያ ወደ ገዳሪፍና ወደ መተማ። የወንድሜ ሚስት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ በአቅራቢያችን የሚያዋልድ ሐኪም ቤት አልቀረም። ነገር ግን ከመደኒ ወዲያ ኸሪፍ የሚሉት የዝናብ ወቅት ገብቷል፤ ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ይጥላል ይሉ ነበር። የመኪናችን የዝናብ መጥረጊያ ደግሞ አይሠራም።

በሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ የሚያስቅ ብልሽት ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ወንድሜ ዱቄት ፍለጋ ወጥቶ ሲመለስ ሃቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ያዘው፤ አቧራው ሲያልፍ ጭቃ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። መጥረጊያው ሁለት ጊዜ ተወዛውዞ መሐል መስታወት ላይ ቆመ። በዚያ ጭቃማ መስታወት ውስጥ፣ ኬላ ላይ ቁም ብሎ እጁን ያነሳውን ሰው አላየውም። ተኮሱበት። ጥይቱ የመኪናውን የኋላ ሳጥን በስቶ አለፈ፤ ወንድሜ ተርፎ መጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ የሻይ ብርጭቆ በሁለት እጁ ይይዛል። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ የተረዳሁት አንድ ነገር ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ እጅ ሲነሳ ያላየ ሰው ይሞታል።

ጠጋኙ ጎረቤታችን ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በመኪና ጥገና የጨረሱ ሱዳናዊ ሽማግሌ። የገቡት በነፋጁ ነው። በካርቱም ጎረቤታሞች አጥራቸው ላይ የሚተዉት ትንሽ በር ነፋጅ ይባላል፤ ሴቶች ለቡናም ለልቅሶም በመንገድ ሳይዞሩ የሚተላለፉበት። በዚያ ክረምት መንገድ ላይ ሳይታዩ ለመኖር የቀረልን እሱ ብቻ ነበር። ሽማግሌው መዶሻ አላመጡም። ፒንሳ፣ ካቻቪቴና ሞረድ በጨርቅ ጠቅልለው በብብታቸው ይዘዋል።

«መዶሻ ይጮኻል» አሉ። «ዛሬ እንደ ሌባ ነው የምንሠራው፤ የገዛ ንብረታችንን።»

ከፊት መስታወቱ ሥር ያለውን ክዳን ፈትተው ዘንጎቹን አወጡ። አሠራሩን በጥሞና ተመለከትኩ፤ ሃያ ዓመት በዱቄት ፋብሪካ ቤተ ሙከራ የሠራች ሴት ሳታይ ማመን አትችልም። ትንሿ ሞተር አንዱን ዘንግ ትገፋለች፤ እሱ ሌላውን፤ ዘንጎቹ በሚገናኙባቸው ሦስት ቦታዎች ላይ ትንንሽ የብረት ኳሶች በፕላስቲክ ቀለበት ውስጥ ይዞራሉ። ቀለበቶቹ ተበልተው አልቀዋል። ኳሶቹ በባዶ ጉድጓድ ውስጥ ይንገጫገጩ ነበር።

ሽማግሌው ከመገጣጠሚያው ላይ ጥቁር ነገር በጣታቸው ጠረጉና በአውራ ጣታቸው አሹት። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞሩ።

«ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ ይህን ግራሶ ማን ቀባው?»

«እኔ እንጃ» አለ ወንድሜ። «ምን ሆነ?»

«ግራሶ መስሎሃል? ሞረድ ነው! አቧራው እየመጣ ተጣበቀበት፤ መሳሓቱ፣ መጥረጊያው፣ በተወዛወዘ ቁጥር ፕላስቲኩን ሲሞርደው ኖረ። በእኛ አገር ይህን መገጣጠሚያ ማንም አይቀባውም። ደረቁን ይተዉታል።»

የወንድሜ ሚስት ከበረንዳው፣ «መኪናህን አታውቀውም፣ ሚስትህን አታውቃትም፤ ምን እንደምታውቅ ንገረኝ እስቲ!» አለችው። ለቀልድ ነበር፤ ወንድሜ ግን አልሳቀም። ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው። በወጉ ብይዘው ኖሮ ያን ሰውዬ አየው ነበር» አለ።

ቀቢዋ እኔ ነበርኩ። በየዓመቱ ግንቦት ሲጋመስ፣ ወንድሜ ለሥራ ሳይወጣ በማለዳ፣ ያንን ክዳን አንስቼ ሦስቱንም መገጣጠሚያዎች በጣቴ እቀባ ነበር። ቀኑን በማስታወሻ ደብተሬ እጽፋለሁ፤ ስድስት ግንቦቶች ተጽፈዋል። አባታችን በደብረ ብርሃን የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ክረምት ሳይገባ ግራሶ ያልጠጣ ብረት ይዝጋል ይል ነበር። እውነቱን ነው፤ ለደብረ ብርሃን። እኔ የዝናብ አገር ጥንቃቄ ይዤ መጥቼ በአቧራ አገር ላይ ቀባሁት። ይህን ለመናገር አፌን ከፈትኩ፤ መልሼም ዘጋሁት። ፈራሁ ማለት ይቀልለኛል። ከፍርሃቱ በላይ ግን ኀፍረት ነበር፤ በዚያ ቤት አንድም ነገር አበላሽታ የማታውቀው እኔ ነበርኩና።

መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ ከተዘጋ ወራት ሆኖታል። ሽማግሌው ጠንካራ ፕላስቲክ አምጡ አሉ። የባልዲ እጀታ ሰጠናቸው፤ ተሰነጠቀ። የወንድሜ ሚስት ወጥ ቤት ገብታ ነጩን ወፍራም የሥጋ መክተፊያ ይዛ ወጣች።

«ዓርብ ነው፤ እሱም ጾመኛ ነው፤ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል» አለች።

ሽማግሌው መክተፊያውን በጥፍራቸው ጫር ጫር አድርገው አሞገሱት። ሦስት ቁራጭ ቆረጡ፤ በጋለ ሚስማር በሱ፤ በሞረድ አስተካከሉ። ሩቅ የተኩስ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ሞረዱ ይቆማል፤ ዝም ሲል ይቀጥላል። የጁምዓ ጸሎት ካለቀ በኋላ ሦስቱም ቀለበቶች በኳሶቹ ላይ ተቀመጡ፤ እንዳይወጡም በቀጭን ሽቦ ታሰሩ።

«እስከ መደኒ ዋሱ እኔ ነኝ» አሉ። «ከመደኒ ወዲያ አላህ አለ።»

ዝናቡ የሚጀምረው ደግሞ ከመደኒ ወዲያ ነው።

መሞከር ነበረብን። በደረቅ መስታወት ላይ ማስኬድ ላስቲኩን ስለሚበላ፣ ለመጠጥ ካስቀመጥነው ውሃ አንድ ጣሳ በአቧራማው መስታወት ላይ አፈሰስኩ። ወንድሜ ሞተሩን ሳያስነሳ ቁልፉን አዞረ። መጥረጊያዎቹ ተነሡ፤ ሄዱ፤ ተመለሱ፤ ደገሙ። ለብዙ ሳምንታት እንደዚያ ያለ ደስታ አልተሰማኝም።

በዚያው ቅጽበት የግቢው በር በብረት ተደበደበ።

ወንድሜ ቁልፉን አጠፋ። ሽማግሌው ኮፈኑን ቀስ ብለው አወረዱ። እኔ ግን መስታወቱን አየሁ። በወራት አቧራ ላይ ሁለት ንጹሕ ቅስቶች ቁጭ ብለዋል፤ ውሃቸው ገና ይወርዳል። የሞተ መኪና መስታወቱን አይጠርግም። የወንድሜ ሚስት ከሳፋው ውስጥ ያልተጨመቀ አንሶላ አንሥታ፣ ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ፣ መስታወቱ ላይ ዘረጋችው። ደጁን የከፈትኩት ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ጠብመንጃ ያነገተ ጎልማሳ ገባ። ግቢውን ዞሮ አየ፤ የመኪናውን ጎን በእግሩ ገፋ።

«ይህ ቦክስ ነፍስ አለው?» አለ፤ ፒክአፕን እዚያ እንደዚያ ነው የሚጠሩት።

«ከእኔ የተረፈ ነፍስ ካለ ስጡት» አሉ ሽማግሌው። «እሱ ጎማ የለው፣ እኔ ጥርስ የለኝ።»

ሰውዬው ፈገግ አለ። ከአንሶላው የሚንጠባጠበውን ውሃ ተመለከተ፤ ቀጥሎ እኔን። ዓይኔን ወደ ወንድሜ ሚስት ሆድ መለስኩ፤ እሱም አብሮ ተመለከተ።

«ነገ ሞተሩን የሚያይ ሰው አመጣለሁ» አለና ወጣ። በስንት ሰዓት እንደሚመጣ አልተናገረም።

ማታውን አልተኛንም። ጎማዎቹን በጨለማ ገጠምን፤ ብሎኖቹን በእጄ ጎትቼ ሁለት ሁለት ጊዜ ፈተሽኩ።

ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ወንድሜ መሪው ጋ ተቀምጦ ቁልፉን መክተት አቃተው።

«እትዬ፣ አልችልም» አለኝ። «መኪናውን ያበላሸሁ እኔ፣ ሰው ያላየሁ እኔ። እሷን ጭኜ ደግሞ ባላይስ?»

«ግራሶውን የቀባሁት እኔ ነኝ» አልኩት። «በየግንቦቱ። ስድስት ዓመት። ደብተሬ ላይ ተጽፏል።»

ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺ?»

«እኔ።»

«እትዬ! ታዲያ ትናንት ሽማግሌው ሲያፋጥጡኝ ምን ትሠሪ ነበር?»

«ዝም እል ነበር።»

ሚስቱ ከመካከለኛው ወንበር፣ «እርስዎም ይሳሳታሉ ማለት ነው? እንዲያውም አሁን ነው ያመንኩዎት» አለች። ወንድሜ ሳቀ፤ ከተተኮሰበት ቀን ወዲህ የመጀመሪያው ሳቅ ነበር። ቁልፉ ግን እየሳቀም አልገባለትም፤ ሦስታችንም አየነው።

እዚያው መኪናው ውስጥ፣ የግቢው በር ገና ሳይከፈት፣ ይህን ወሰንን። ባለጠብመንጃው ሊቀድመን ስለሚችል ሁለቱን የጎረቤት መኪኖች አንጠብቅም። አባታችን መንዳት አስተምሮኛልና መሪውን እኔ እይዛለሁ። ወንድሜ በመስኮቱ በኩል ተቀምጦ መስታወቱን ዝቅ ያደርጋል፤ ዝናብም ቢሆን ራሱን አውጥቶ መንገዱን ያያል፤ የተነሳ እጅ ካየ «እጅ!» ይላል፤ እኔም ምንም ሳልጠይቅ እቆማለሁ። መጥረጊያው ከቆመ፣ የትም ቦታ ይሁን፣ የቆመበት ቦታ ላይ እንቆማለን፤ አንድ ሜትር እንኳ ሳላይ አልነዳም። የግራሶዬ ቆርቆሮ እዚሁ ለሽማግሌው ይቀራል፤ ከእንግዲህ ያን መገጣጠሚያ አልቀባም።