ለማርች ቀጠሩኝ

የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ የምመኘው አንድ ኮሌጅ ብቻ ነበር። ከምንኖርበት ከኮሎራዶ በጣም ይርቃል፤ ሌላ ኮሌጅ ሲጠሩልኝ ጆሮ አልሰጥም። መልሱ የመጣው በዲሴምበር፣ አባቴ አውሮራ ካለው ትምህርት ቤቴ ሊወስደኝ መጥቶ መኪናው ውስጥ እንደገባሁ ነው። ስልኬን ከፈትኩ። አልተቀበሉኝም፤ አልጣሉኝምም። ማመልከቻሽን ማርች ላይ እንደገና እናየዋለን ይላል።

«ምን አሉ?» አለኝ አባቴ።

እንባዬ እየመጣ ነበር። በእንግሊዝኛ ብነግረው ማስረዳቱ ሊከተል ነው፤ ስለዚህ ከማውቀው አማርኛ አጭሩን መረጥኩ።

«ለማርች ቀጠሩኝ።»

ያስነሳውን መኪና መልሶ አጠፋው። «አልሐምዱሊላህ» አለ፤ «ገና ሳያስተምሩሽ?»

ነገሩ እስኪገባኝ ቶርንተን ላለው አጎቴ ደውሏል። «ኮሌጁ ልጄን ቀጠራት፤ ማርች ላይ ሥራ ትጀምራለች» ይለዋል። የገዛ አማርኛዬ ጉድ ሠራኝ። እኔ ቀጠሮ ሰጡኝ ማለቴ ነበር፤ እሱ ሥራ አስገቧት ብሎ ሰማው። ላስረዳው ብሞክርም ከስልኩ የሚላቀቅ አልሆነም።

ቤት ስንደርስ ወሬው ቀድሞን ነበርና እናቴ በር ላይ እልል አለች። ጎረቤታችን ሴትዮ የሥራውን ዓይነት ሊጠይቁ መጥተው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ለቅሶ ላይ ነኝ፣ ቤቱ ሰርግ ላይ ነው።

«አልቀጠሩኝም» አልኩ በመጨረሻ። «ማለቴ ቀጥረውኛል፤ ግን እንደ ፍርድ ቤት ነው። ዲፈር አድርገውኛል። ማርች ላይ አይተው ይነግሩኛል።»

አባቴን ሳቅ አፈነው፤ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እስኪጠርግ ሳቀ። ልቆጣው አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም፣ እኔም ሳቅኩ።

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?» አለ ሲረጋጋ። «እኔ አዲስ አበባ ቀበሌ ስመላለስ የኖርኩ ሰው ነኝ። የማይፈልግሽ ሂጂ ይልሻል እንጂ አይቀጥርሽም። ቀጠሮ ያለው ሰው ደግሞ ቤቱ አይተኛም፤ ሄዶ ፊቱን ያሳያል።»

«አባዬ፣ እዚያ ለመሄድ እኮ ፕሌን ያስፈልጋል።»

«ጻፊላቸዋ።»

በማግስቱ የትምህርት ቤቱ አማካሪም ጻፊላቸው አለችኝ፤ አዲሱን ውጤትሽን ላኪ፣ ሌላም ቦታ አመልክቺ ብላ ጨመረችበት። ሳጣጥለው ለከረምኩት የዴንቨር ኮሌጅ ጭምር አመለከትኩ። ለህልሜ ኮሌጅ ስጽፍ አባቴ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ዘልዬ ወደ ጉዳዬ መግባቴ አሳፈረው። «መጀመሪያ እንዴት ከረማችሁ በያቸው እንጂ» አለኝ። እንዴት እንደከረሙ ጠየቅኳቸው። አሁንም እንደምፈልጋቸው፣ ውጤቴም ከፍ እንዳለ ነገርኳቸው። ቀጥሎ አንድ ቃል ቤታችንን እንዴት እንዳመሰው ጻፍኩላቸው፤ ስጽፍ ብቻዬን እየሳቅኩ ነበር። አጎቴ በበኩሉ ለዘመድ ለወዳጁ የነዛውን ወሬ የሚመልስበት መንገድ ጠፋው። በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ያገኘኝ ሁሉ ስለ ሥራው ይጠይቀኝ ነበር።

ማርች ላይ ተቀበሉኝ። አባቴ ፓርክ ሂል ሰፈር ሰው አድርሶ እስኪመለስ ደጅ ቆሜ ጠበቅኩት። መኪናውን ፓርክ አድርጎ ሳይወርድ፣ በመስኮቱ «ተቀበሉኝ፤ ልማር ነው» አልኩት፣ ቃሌን መርጬ። ወርዶ አቀፈኝ፣ ግንባሬን ሳመኝ፣ ፈጣሪውን አመሰገነ። ከደስታዬ ብዛት እግሬ መሬት የረገጠ አልመሰለኝም።

«መቼ ነው የምትሄጂው?» አለኝ።

«ኦገስት።»

«ኦገስት ገና ነው አይደል?» አለ፣ እጄን ሳይለቅ።